ማዳቫን ሂንዲ እያወቀ ለምን በሌላ ተዋናይ ተተካ?

እኛ ጋ ሁሉም «የህንድ ፊልም» ነው። ተዋናዩ ታሚል ይናገር ሂንዲ፣ ፊልሙ ቼናይ ይሠራ ሙምባይ፣ ማንም ጉዳዬ አይልም። በትርጉም ለምናየው ደግሞ የሰውዬውን ድምፅ እንኳ በወጉ አንሰማም። ዘፈን አለ፣ ዝናብ አለ፣ አንድ ለሃያ ድብድብ አለ፣ እናት ታለቅሳለች። በቃ፣ ህንድ ነው።

እዚያው ህንድ ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ ነገር የለም። የሂንዲ ሲኒማ መናኸሪያው ሙምባይ ነው። የታሚሉ ደቡብ፣ ቼናይ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ ፊደላቸውም ለየቅል ነው። ኮከቦቹ ይለያያሉ፣ ገንዘብ አውጪዎቹ ይለያያሉ፣ አከፋፋዮቹ ይለያያሉ። ቼናይ ላይ ሰው የሚያብድለት ጀግና ሰሜን ሄዶ መንገድ ዳር ሻይ ቢጠጣ ዞር ብሎ የሚያየው ላይኖር ይችላል።

አር. ማዳቫን የተባለው ተዋናይ በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ተመላልሷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ2009 በወጣው «ስሪ ኢዲየትስ» ነው። ከሦስቱ ጓደኛሞች መካከል ፎቶ ማንሳት የሚወደው፣ ታሪኩን የሚተርክልን ፋርሃን ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ሁለቱን ዓለም ያገናኘ ሰው» እያለ ያሞግሰዋል። ፊልሞቹን በተርታ ስደረድራቸው ግን እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው።

እስቲ አብረን እንያቸው። በ2000 በዳይሬክተር ማኒ ራትናም የታሚል ፊልም «አላይፓዩዴይ» ኮከብ ሆነ። ፊልሙ በ2002 በሂንዲ «ሳቲያ» ተብሎ እንደገና ተሠራ። የማዳቫንን ቦታ የያዘው ቪቬክ ኦቤሮይ ነው። በ2002 «ራን» የተባለ የድብድብ ፊልም ሠራና ታሚል ናዱ ውስጥ ጥሩ ሄደለት። በ2004 የሂንዲው «ራን» ሲመጣ ተዋናዩ አቢሼክ ባችቻን ሆነ። በዚያው ዓመት ማኒ ራትናም አንድ ታሪክ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ቀረጸ። የታሚሉ «አዪዳ ኤሩቱ»፣ የሂንዲው «ዩቫ» ይባላል። ሁለቱም የወጡት በአንድ ቀን ነው። ሚስቱን የሚወድም የሚደበድብም አንድ የመንደር ወሮበላ አለ፤ በታሚል ማዳቫን፣ በሂንዲ አሁንም አቢሼክ ባችቻን። የሚያስቀው ነገር ሁለቱም በዚሁ ሚና ፊልምፌር የሚባለውን የህንድ ታዋቂ የፊልም ሽልማት በረዳት ተዋናይነት አግኝተዋል፤ አንዱ በደቡቡ ዘርፍ፣ ሌላው በሂንዲው።

በተገላቢጦሹም ያው ነው። «ስሪ ኢዲየትስ» በ2012 በታሚል «ናንባን» ተብሎ ሲሠራ የፋርሃንን ቦታ የያዘው ስሪካንት የሚባል ተዋናይ ነው። ልብ በሉ፤ ማዳቫን ታሚል ነው። የቼናይ ሰው ያውቀዋል፣ ይወደዋል። ሚናውንም ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ሚናው ግን የሌላ ሰው ሆነ።

ሰውየው በሁለቱም ቋንቋ አፉን የፈታ ነው። ታዲያ በመካከል እየገባ የሚቆርጠው ነገር ምንድን ነው?

ቋንቋ እንዳልሆነ ከአስተዳደጉ ይታወቃል። ማዳቫን በ1970 የተወለደው ታሚል ናዱ ውስጥ አይደለም። የተወለደው ጃምሼድፑር ነው፤ ያኔ ቢሃር፣ ዛሬ ጃርካንድ በሚባለው ግዛት፣ በታታ ብረት ፋብሪካ ዙሪያ በተቆረቆረች ከተማ። አባቱ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ እናቱ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ቤት ውስጥ ታሚል፣ ደጅ ሂንዲ። ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ማሃራሽትራ ውስጥ ኮልሃፑር ሄደና ማራቲም ጨመረበት። ወታደር መሆን ፈልጎ ነበር። በተማሪዎች የወታደር ሥልጠና ጎበዝ ሆኖ እንግሊዝ ድረስ ተልኮ ሠልጥኗል፤ ግን የዕድሜው ነገር በጥቂት ወራት አመለጠው። ከዚያ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚያስተምር መምህር ሆነ። ባለቤቱንም ያገኛት ከተማሪዎቹ መካከል ነው። በዘጠናዎቹ ሙምባይ ውስጥ በሂንዲ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ይታይ ነበር።

ማለትም መጀመሪያ የተዋናይነት እንጀራውን የበላው በሂንዲ ነው። ማኒ ራትናም በ1997 ለወጣው «ኢሩቫር» ካሜራ ፊት ፈትኖት ነበር፤ ዓይኖችህ ለዚህ ሚና ገና ልጅ ናቸው ብሎ መለሰው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እነዚያኑ ዓይኖች ለፍቅር ፊልም ፈለጋቸው።

«አላይፓዩዴይ» ቀላል ታሪክ ነው። ሁለት ወጣቶች በቼናይ የከተማ ባቡር ላይ ይተያያሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ቤተሰብ ሳያውቅ ይጋባሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እያንዳንዳቸው ወላጆቻቸው ቤት ይመለሳሉ። የባቡሩ ትዕይንቶች የኤ. አር. ራህማን ሙዚቃ ታክሎባቸው አንድ ትውልድ አሳብደዋል። እስከዚያ ድረስ የታሚል ሲኒማ ወንድ ጀግና ብዙውን ጊዜ የድሃ ጠበቃ ነው። ፂሙን እየጠመዘዘ ሃያ ሰው የሚዘርር፣ ንግግሩ ሁሉ ለጭብጨባ የተቀመመ። ማዳቫን ፂም የለውም፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ ይስቃል፣ ልጅቷን ባቡር ውስጥ ይለክፋታል። ከተሜ ነው። «ቸኮሌት ልጅ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ጥቅምም ነበረው፣ ዕዳም ነበረው።

ሂንዲውን ለመሞከር ብዙ አልቆየም። በ2001 የጋውታም ሜኖን «ሚናሌ» በታሚል ተሳካለት። በዚያው ዓመት ያው ዳይሬክተር በሂንዲ «ሬህና ሄ ቴሬ ዲል ሜን» ብሎ ሲሠራው ማዳቫንን ይዞት ሄደ። ባላንጣው ሳይፍ አሊ ካን፣ ፍቅረኛው ዲያ ሚርዛ ነበሩ። ፊልሙ ወደቀ። ቆይቶ በቴሌቪዥን ደጋግሞ ሲታይ ሰው ወደደው፣ ዘፈኖቹም አልሞቱም፣ በ2024 ሲኒማ ቤት ድረስ ተመልሶ ታየ። የሂንዲ ተመልካች እስካሁን «ማዲ» የሚለው በዚያ ፊልም ስሙ ነው። (ዛሬ ሲታይ ግን ያ ማዲ የልጅቷን እጮኛ ነኝ ብሎ በሌላ ሰው ስም እያታለለ የሚከታተላት ሰው ነው። የአሁን ወጣቶች ይህን እያነሱ መተቸታቸው ልክ ይመስለኛል።) በ2001 ቁም ነገሩ ግን አንድ ነበር፤ የገበያው መዝገብ ላይ «በሂንዲ ገንዘብ አላመጣም» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ የታሚል ፊልሞቹ ወደ ሂንዲ ሲሄዱ እሱን የሚወስድ ጠፋ።

እዚህ ላይ የፊልም ንግዱን አሠራር ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። የሂንዲ ፊልም ሲሸጥ የኖረው በክልል ነው። የሙምባይ ዙሪያ አንድ ገበያ፣ ዴልሂና ኡታር ፕራዴሽ ሌላ ገበያ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለየክልሉ አከፋፋይ አለ። ፊልሙን ገና ሳያየው ይገዛዋል። ምን አይቶ? ማን አለበት የሚለውን አይቶ። ስሙ ከባድ ከሆነ ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ከደቡብ የተፈተነ ታሪክ ይገዛና ሰሜን የሚሸጥ ፊት ይለጥፍበታል። ታሪኩ መንገዱን ያልፋል፣ ተዋናዩ ግን ኬላው ላይ ይቀራል። በ2008 ህንድ ውስጥ 100 ክሮር ሩፒ ያለፈው የመጀመሪያው የሂንዲ ፊልም «ጋጂኒ» በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። (1 ክሮር 10 ሚሊዮን ነው።) ዳይሬክተሩ ኤ. አር. ሙሩጋዶስ ከታሚሉ አብሮ ተሻገረ። የታሚሉ ተዋናይ ሱሪያ ግን በአሚር ካን ተተካ።

ቼናይም የራሱ አጥር አለው። ታሚል ናዱ ውስጥ ትልቅ ኮከብ ማለት ፊልም የሚሠራ ሰው ብቻ ማለት አይደለም። የደጋፊ ማኅበራት አሉት። ፊልሙ በሚወጣበት ማለዳ ደጋፊዎቹ ከሲኒማ ቤቱ ደጅ የቆመውን ግዙፍ ምስሉን ወተት ያፈሱበታል። ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ከ1977 ጀምሮ ግዛቱን የመሩት እንዲህ ባለ የደጋፊ ሠራዊት ተሸክመው ነው። ከእሳቸው በኋላ ጃያላሊታም ከፊልም ወጥተው መርተዋል። ካሩናኒዲ ደግሞ የፊልም ጸሐፊ ነበሩ። በ2024 መጀመሪያ የዘመኑ ትልቅ ኮከብ ቪጄይ የራሱን ፓርቲ አቋቁሟል። «ናንባን» ውስጥ የአሚር ካንን ቦታ የያዘው ይኸው ቪጄይ ነው። ፊልሙ እንደ አዲስ የተሠራው ለእሱ ደጋፊዎች ነው እንጂ የሂንዲውን ላየ ሰው አይደለም።

በዚህ ላይ የሂንዲ ጉዳይ ታሚል ናዱ ውስጥ የፖለቲካ ቁስል ነው። በ1965 ሂንዲ ሊጫንብን ነው በሚል በተነሳው ተቃውሞ ሰው ሞቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማዕከላዊውን መንግሥት ይመራ የነበረው የኮንግረስ ፓርቲ ግዛቱን አጣ፤ ከዚያ ወዲህም መልሶ አላገኘውም። በ2025 መጀመሪያ እንኳ በትምህርት ቤት ሦስተኛ ቋንቋ ጉዳይ ላይ ቼናይና ዴልሂ ሲነታረኩ ነበር። በዚያው ዓመት ጋዜጠኞች ማዳቫንን ስለ ቋንቋ ጠብ ሲጠይቁት ታሚልም ሂንዲም ማራቲም እንደሚችል፣ ቋንቋ ችግር ሆኖበት እንደማያውቅ ተናግሯል። ለእሱ ለራሱ እውነቱን ነው። የሥራ ታሪኩ ግን ሌላ ይመሰክራል። ችግሩ ምላሱ ላይ አልነበረም፣ ትኬት የሚሸጡት ሰዎች ሒሳብ ላይ ነበር።

ሴቶቹ ጋ ስንሄድ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ቫይጃያንቲማላ፣ ሄማ ማሊኒ፣ ሬካ፣ ስሪዴቪ፤ ሁሉም የዘር ግንዳቸው ከታሚል አገር ወይም ከዚያው አካባቢ ነው፣ ሁሉም በሂንዲ አናት ላይ ወጥተዋል። ስሪዴቪ እንዲያውም መጀመሪያ ሂንዲዋ ስላልጠራ በብዙ ፊልሞቿ የሌላ ሰው ድምፅ ተጭኖባታል። ማንም ቅር አላለው። ወንዶቹስ? ካማል ሃሳን በ1981 በሂንዲ ትልቅ ፊልም ይዞ መጣ፣ ሽልማትም አገኘ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቼናይ ገባ። ራጂኒካንትም ሞክሮ በደቡብ የያዘውን ዙፋን ሙምባይ ላይ አላገኘም። ሴቷ ድምፅ ባይኖራት ችግር የለም፤ ፊልሙን ይሸከማል ተብሎ የሚጠበቀው ወንዱ ነዋ። ወንዱ ሲመጣ ግን አከፋፋዩ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ለሴቶቹም ሆነ ለወንዶቹ።

ማዳቫን ያደረገው ነገር እንግዲህ የሚገርም ነው። በሂንዲ ጀግና መሆኑን ተወው። በ2006 «ራንግ ዴ ባሳንቲ» ውስጥ የሚሞተው አብራሪ ሆነ፤ በሰዓት ቢለካ ትንሽ ሚና ነው፤ ግን ያለ እሱ ሞት ፊልሙ የለም። በ2007 «ጉሩ» ውስጥ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ጀግናው እዚያም አቢሼክ ባችቻን ነው። ከዚያ «ስሪ ኢዲየትስ» መጣ። የሁለቱ «ታኑ ዌድስ ማኑ» ፊልሞች ባል እሱ ነው፤ ፊልሞቹ ግን የካንጋና ራናውት ናቸው። እሷ ስትጮህ፣ ስትሰክር፣ ስታብድ እሱ ዝም ብሎ ያያታል። ያ ዝምታ ባይኖር የእሷ እብደት ባልታየ ነበር። ሁለተኛው ክፍል በ2015 ወጥቶ ከ100 ክሮር አለፈ።

የገጸ ባሕርያቱን ስም ደግሞ ተመልከቱ። አጃይ ራቶድ፣ ሽያም ሳክሴና፣ ፋርሃን ቁሬሺ፣ ማኑ ሻርማ። ሁሉም የሰሜን ሰው ስም ነው። ማዳቫን በሂንዲ ሲታይ ታሚልነቱ ይጠፋል። መልኩ ቀላ ያለ ነው፣ ሂንዲው አይወላገድም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ዳኑሽ በ2013 ሂንዲ ሲገባ ግን ገጸ ባሕርይው ቫራናሲ ውስጥ ያደገ የታሚል ልጅ ተደርጎ ነበር የተጻፈው። የቆዳ ቀለምና የአነጋገር ቃና ማን «ሰሜናዊ» መምሰል እንደሚፈቀድለት ይወስናሉ። ስለ ማዳቫን ተሰጥኦ ስናወራ ይህንን ብንዘለው ሙሉ አይሆንም።

«ስሪ ኢዲየትስ» ውስጥ ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ አለ። ቻቱር ራማሊንጋም የሚባለውን ተማሪ ታስታውሱታላችሁ፤ በደረቁ የሚሸመድደውን። በታሪኩ ውስጥ የታሚል ስም ያለው እሱ ነው። ሂንዲ በቅጡ አይችልም። የመምህራን ቀን ንግግሩን በቃሉ ሲያጠና ጓደኞቹ ወረቀቱ ላይ ቃላት ይቀይሩበታል። እሱ ምን እያለ እንደሆነ ሳያውቅ መድረክ ላይ ቆሞ አዳራሹን በሳቅ ይገድለዋል። እኔም ስቄያለሁ፣ በጣም ነው የሚያስቀው። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሚስቁት መካከል ማዳቫን አለ፤ እውነተኛው ታሚል። በፊልሙ ውስጥ ታሚልነት ሂንዲ የማይችል ሰው መቀለጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ ሂንዲ አሳምሮ የሚናገረው ታሚል ፋርሃን ቁሬሺ ተብሎ ይስቃል።

ፊልሙ ራሱ ከ200 ክሮር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የሂንዲ ፊልም ሆነ። ማዳቫን ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበትን ቦታ ግን ማንም ቀለደበት አይልም። እኔ መሐንዲስ አልሆንም፣ ፎቶ ላነሳ ነው ይላል። ጓደኛው የወላጆቹን ፎቶ ቦርሳው ውስጥ እንዲያስቀምጥ እንዳስገደደው ይነግራቸዋል፤ ራሱን ሊያጠፋ ቢያስብ ያንን ፎቶ አይቶ፣ እኔ ስሞት ይህ ፈገግታ ምን ይሆናል ብሎ እንዲያስብ። ሳይጮህ ነው የሚናገረው። አብዛኛው የዚያን ጊዜ ተዋናይ እዚያ ቦታ ላይ ባለቀሰ ነበር።

በታሚል በኩል መንገዱ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በ2003 ከካማል ሃሳን ጋር የሠራው «አንቤ ሲቫም» ለምሳሌ በዝናብ ምክንያት መንገድ ላይ ስለተጣበቁ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ጠባሳ ያለበት ሶሻሊስት፣ ሌላው ራሱን የሚወድ የማስታወቂያ ሠሪ። ሲወጣ ከሰረ። ዛሬ በታሚል ሲኒማ ታሪክ ከተሠሩት ምርጦች ተርታ ይጠራል። ቸኮሌት ልጅነቱ ሲያረጅበት ማዳቫን ከ2012 በኋላ ከታሚል ለ4 ዓመት ያህል ጠፋ።

የተመለሰው በ2016 ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ገልብጦ መጣ። ሱዳ ኮንጋራ የጻፈችውና ያዘጋጀችው የቦክስ ፊልም ነው። ፀጉሩን አስረዝሞ፣ ጺሙን አሳድጎ፣ ሰውነቱን አግዝፎ ቁጡ አሠልጣኝ ሆነ። አብራው የሠራችው ሪቲካ ሲንግ እውነተኛ ተፋላሚ ናት። ለእኔ ዋናው ነገር ግን አሠራሩ ነው። ፊልሙ በአንድ ጊዜ በታሚልና በሂንዲ ተቀረጸ። እያንዳንዱ ትዕይንት ሁለቴ። በታሚል «ኢሩዲ ሱትሩ»፣ በሂንዲ «ሳላ ካዱስ» ተብሎ በአንድ ቀን ወጣ። ሌላ ሰው የሚተካበት ጊዜ አልተረፈም ማለት ነው። የሂንዲው መካከለኛ ነበር፤ የታሚሉ ግን ትልቅ ሆነ፣ የፊልምፌር ምርጥ ተዋናይ ሽልማትም አመጣለት።

ቀጥሎ በ2017 «ቪክራም ቬዳ» መጣ። ቪክራም ፖሊስ ነው፤ ጥሩ ሰውና መጥፎ ሰው መካከል መስመር አለ ብሎ ያምናል። ቬዳ ወንጀለኛ ነው፤ ሲታደን ቆይቶ ራሱ በእግሩ መጥቶ እጁን ይሰጣል። ቬዳን የሚሠራው ቪጄይ ሴቱፓቲ ነው። ምርመራ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ወንጀለኛው «ጌታዬ፣ አንድ ታሪክ ልንገርዎት?» ይላል። ታሪኩ በጥያቄ ያልቃል። ሴቱፓቲ ይናገራል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል። ማዳቫን ያዳምጣል። የሚያዳምጥ ሰው ፊት ላይ እርግጠኝነት ቀስ እያለ ሲሸረሸር ማየት ለእኔ ከድብድቡ ሁሉ ይበልጣል። በሂንዲ ሌሎችን ለማጉላት የተማረው ዝምታ ነው እዚህ የታሚል ፊልም ውስጥ የተከፈለው።

ይህም ወደ ሂንዲ ተገለበጠ፤ በ2022። ተዋናዮቹ ሪቲክ ሮሻንና ሳይፍ አሊ ካን። የማዳቫንን ቦታ የያዘው ሳይፍ ነው፤ በ2001 የፍቅር ባላንጣው የነበረው ሳይፍ። ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ፊልሙ የተጠበቀውን ያህል አልሄደም። የታሚሉን ብዙ ሰው አይቶታል።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ? የደቡብ ፊልሞች የሂንዲ ድምፅ እየተጫነባቸው ለዓመታት በቴሌቪዥን፣ ኋላም በዩቲዩብ ሲታዩ ኖረዋል። የሰሜኑ ተመልካች ሳይታወቀው የደቡቡን ፊት ለመደ። በ2017 «ባሁባሊ 2» የሂንዲ ድምፅ ተጭኖበት በሂንዲ ገበያ ብቻ ከ500 ክሮር በላይ አስገባ። ሌላ የደቡብ ቋንቋ በሆነው በቴሉጉ የተሠራ ፊልም ነው፣ አንድም የሙምባይ ኮከብ የለበትም። ከዚያ በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኔትፍሊክስና አማዞን ላይ የማያውቀውን ቋንቋ በጽሑፍ እያነበበ ማየት ጀመረ። ኦሪጅናሉ ስልክህ ውስጥ ካለ ቅጂውን ለማየት ለምን ትከፍላለህ? የድሮው ንግድ የተመሠረተው ተመልካቹ ሌላውን ባለማየቱ ላይ ነበር።

ማዳቫን አዲሱን ዘመን በራሱ ገንዘብና በራሱ ድካም የሞከረው «ሮኬትሪ» በተባለው ፊልም ነው። ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ዳይሬክት አደረገ፣ ዋናውን ሚናም ሠራ። ታሪኩ የናምቢ ናራያናን ነው። በህንድ የጠፈር ተቋም የሮኬት ሞተር መሐንዲስ ነበሩ። በ1994 ምሥጢር ሸጠዋል ተብለው ታሰሩ። ክሱ ሐሰት መሆኑን የማዕከላዊው መርማሪ ቢሮ በ1996 አረጋገጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ2018 የ50 ላክ ሩፒ ካሣ ወሰነላቸው፤ 5 ሚሊዮን ማለት ነው። ሃያ አራት ዓመት መሆኑ ነው።

ፊልሙ በታሚል፣ በሂንዲና በእንግሊዝኛ ተቀረጸ። የታሪኩ ማሠሪያ ቴሌቪዥን ላይ የሚደረግ ቃለ ምልልስ ነው። ሽማግሌው ናምቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ ጠያቂው ያዳምጣል። በሂንዲው ጠያቂው ሻህ ሩክ ካን ነው። በታሚሉ ሱሪያ። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ታሪክ፤ ከፊት ለፊት ግን ለየገበያው የራሱ ኮከብ። መጨረሻ አካባቢ እውነተኛው ናምቢ ራሳቸው በወንበሩ ላይ ይታያሉ። በዚህ ፊልም የማይተካው ማዳቫን ነው፤ የሚቀያየሩት ታላላቆቹ ስሞች ናቸው። አስቦበት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ግን የሃያ ዓመት ብድሩን የመለሰ ይመስላል።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያው አጋማሽ በሮኬት ቃላት የታጨቀ ነው። ሰውየውን በጣም ስለሚያደንቃቸው ጉድለታቸውን ለማሳየት ይሰስታል። ፊልሙን ሲያስተዋውቅም የህንድ የማርስ ተልዕኮ የተሳካው በባህላዊው የዘመን መቁጠሪያ ታግዞ ነው የሚል ነገር ተናግሮ ኢንተርኔቱ ሲሳለቅበት ሰነበተ፤ እሱም አላዋቂነቴ ነው ብሎ ተቀበለ። ቢሆንም በ2022 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት የምርጥ ፊልምነቱን ማዕረግ ሰጠው። በዚያው ዓመት ፑኔ የሚገኘው የመንግሥት የፊልምና ቴሌቪዥን ተቋም ፕሬዚዳንት ተደረገ።

አሁንስ? አሁን ሥራው የበዛው በሂንዲ ነው፣ ያውም በክፉ ሰውነትና በሽማግሌነት። በ2024 «ሻይታን» ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለእረፍት ከወጣበት ቤት ደጅ ይቆማል። ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብሎ ይገባል። ከዚያ የቤቱን ልጅ በቃል ብቻ እንደ አሻንጉሊት ያዛታል። ሳቂ ሲላት ትስቃለች፣ እስክትታመም ድረስ። ማዳቫን እዚህ ፊልም ላይ የሚያስፈራው ስለሚጮህ አይደለም፤ የ2000ውን የባቡር ፈገግታ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው። ፊልሙ ራሱ በጉጃራቲ ቋንቋ ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ቢሆንም ልጅቷን የሠራችውን ተዋናይ ጃንኪ ቦዲዋላን ከኦሪጅናሉ ይዟት መጥቷል። ኬላው ላይ አልቀረችም። በዓለም ዙሪያ ከ200 ክሮር በላይ አስገብቷል። በታኅሣሥ 2025 የወጣው የራንቪር ሲንግ «ዱራንዳር» ደግሞ ከ1,000 ክሮር አልፏል፤ ማዳቫን እዚያ የስለላ ኃላፊ ነው፣ መሪ ተዋናይ አይደለም።

ታሚሉ ግን ሳስቶበታል። በ2025 «ቴስት» የሚል ፊልም ሠርቷል፤ ሲኒማ ቤት አልገባም፣ በቀጥታ ኔትፍሊክስ ላይ ነው የወጣው። ታሚል ናዱ ውስጥ ማለዳ ላይ ሲኒማ ቤት የሚያጨናንቀው የደጋፊ ሠራዊት አሁንም የሌሎች ነው። እሱን መሰል ተዋናይ በሁለቱም ቤት የሚፈለገው የፊልሙ ሸክም በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ሲሆን ነው። ሃምሳውን ላለፈ ሰው ይህ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ኮከቦች ሲያረጁ ከዚህ የባሰ ብዙ አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን በሌላ በር እየገቡ ነው። ቪጄይ ሴቱፓቲ በ2023 የሻህ ሩክ ካን «ጃዋን» ውስጥ ባላንጣ ሆኖ ሲመጣ ዳይሬክተሩ ራሱ የታሚሉ አትሊ ነበር፣ ሴቷ ተዋናይም ከደቡብ የመጣችው ናያንታራ።

ማየት ለምትፈልጉ ከ«ቪክራም ቬዳ» ጀምሩ፤ የታሚሉን፣ ከነጽሑፉ። ጊዜ ካላችሁ የ2022ቱን የሂንዲ አስከትሉና የምርመራ ክፍሉን ትዕይንት ብቻ ሁለቱን ጎን ለጎን ተመልከቱ። ሳይፍ መጥፎ አልሠራም። ግን ሲያዳምጥ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።